የነታኒያ ጎል፣ የኢትዮጵያ ፊሽካ

ዘንድሮ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን ባዘጋጀነው የሰፈር ለሰፈር ውድድር አንድ ጎል አጣልቶናል። ኳሱ መረብ ውስጥ መግባቱን የካደ የለም። ጠቡ የተነሳው ኳሱ ሲገባ አንዱ አጥቂ በረኛው ፊት ተገትሮ ነበር፣ አልነበረም በሚለው ነው። መስመር ላይ ባንዲራ ይዞ የቆመው የራሳችን ልጅ ነው፤ ገና 16 ዓመቱ። ባንዲራውን አነሳ፣ ዳኛውም ጎሉን ሻረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያሳፍራል። ልጆቹስ ልጆች ናቸው፤ እኛ ዳር የቆምነው ትልልቆቹ ግን "ስንት ከፈሉህ?" እስከ ማለት ደረስን። ልጁ መልስ አልሰጠንም። ባንዲራውን አጥሩ ላይ ሰክቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የዚያን ዕለት ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ወሬው ሁሉ ስለ ዳኛ ሆነ። በአማርኛ ፍርድ ቤት የሚቀመጠውም ዳኛ ነው፣ ሜዳ ላይ የሚሮጠውም ዳኛ ነው። በዕብራይስጥም እንደዚያው፣ ሁለቱም ሾፌት ናቸው። ታዲያ ለአንዱ ብድግ ብለን እንቆማለን፣ ሌላውን እንሰድባለን። በአገር ቤት "በሕግ አምላክ!" ከተባለ የተጣላው ሰው ባለበት ይቆም እንደነበር ወላጆቻችን ይነግሩናል። ከመካከላችን አንድ አባት ይህን ሲሰሙ ቆይተው "በጃንሆይ ጊዜ እኮ ዓለም ዋንጫ ላይ ያጫወቱ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ነበሩ" አሉ። ብዙዎቻችን አላመንናቸውም። በኋላ መዝገቡን ስናይ ግን እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ነገሩ እሳቸው ከነገሩን አልፎ እዚህ ድረስ፣ ነታኒያ ድረስ የሚመጣ ሆኖ አገኘነው።

የዳኛው ስም ሥዩም ታረቀኝ ነው። ለዳኛ እንዲህ ያለ ስም ከየት ይገኛል? ሥዩም የተሾመ ማለት ነው፤ ታረቀኝን ደግሞ ማንም አማርኛ የሚሰማ ያውቀዋል።

በ1970 ሜክሲኮ ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1966 እንግሊዝ ላይ በተደረገው ውድድር አፍሪካ አንድም ቡድን አላሰለፈችም። ምክንያቱ ፊፋ ለአህጉሩ ሙሉ ቦታ አልሰጥም፣ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ገጥሞ ይለፍ ማለቱ ነው። አፍሪካውያን ተሰባስበው "እንግዲያው አንጫወትም" አሉ። ያንን እምቢታ ከመሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት። እምቢታው ሠራ። ለ1970 አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ቦታውን የወሰደችው ሞሮኮ ነች። ኢትዮጵያ በቡድን አላለፈችም። በዳኛ ግን አለፈች።

እስራኤልም እዚያ ነበረች። እስካሁን ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ነው። በአሠልጣኝ ኢማኑኤል ሼፈር የሚመራው ቡድን የደረሰው ከኡራጓይ፣ ከስዊድንና ከጣሊያን ጋር ነው። የቡድኑ አምበል የእኛ ከተማ ሰው፣ የማካቢ ነታኒያው ሞርዴኻይ ሽፒግለር ነበር። ሰው "ሞታሌ" ነው የሚለው። የትልልቆቹን ትዝታ ለሰማ፣ ሽፒግለር ድሮ "ሳጥኑ" በሚባለው በአሮጌው ሳር ቶቭ ስታዲየም ሲጫወት ማየት ራሱን የቻለ ወግ ነው። ማካቢ ነታኒያ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው ከሜክሲኮ በተመለሰ ዓመት፣ በ1971 ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ እስራኤል በኡራጓይ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ሁለተኛው ጁን 7 ቀን 1970፣ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1962፣ ቶሉካ በምትባል ከተማ ከስዊድን ጋር ተደረገ። ቶሉካ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ለነታኒያ የባሕር ዳር ልጅ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ግን ብዙም እንግዳ አይሆንም። የዚያ ጨዋታ ዋና ዳኛ ሥዩም ታረቀኝ ነበሩ።

ከዕረፍት መልስ በ53ኛው ደቂቃ ቱሬሶን ለስዊድን አገባ። ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሽፒግለር ከሩቅ መትቶ አስቆጠረ። አንድ ለአንድ። ይህ ጎል እስራኤል በዓለም ዋንጫ ያስቆጠረችው ብቸኛ ጎል ነው፤ እስከ ዛሬ ሁለተኛ አልተጨመረበትም። እንግዲህ በከተማችን ያለ ልጅ ሁሉ ስለዚያ ጎል ሰምቶ ያድጋል። ጎሉን ያጸደቀው ፊሽካ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን ማን ነገረን? ማንም። እኛም አልጠየቅንም። ጎል ያገባ ይታወሳል፣ ጎል ያጸደቀ አይታወስም።

በነገራችን ላይ ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ የተጀመረው በዚያው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ዳኛው ተጫዋቹን የሚያስጠነቅቀው በአፉ ነበር፤ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ሲቀሩ ረብሻ ይነሳል። ስዊድናውያንንና እስራኤላውያንን የሚያጫውት ኢትዮጵያዊ በምን ቋንቋ ይናገር? ኪስ ውስጥ ያለች ባለ ቀለም ወረቀት ብዙ ችግር አቃልላለች።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁን 11፣ እዚያው ቶሉካ ላይ እስራኤል ከጣሊያን ተጋጠመች። ዋናው ዳኛ ብራዚላዊው አይርቶን ቪየራ ደ ሞራይስ ነበሩ። ሥዩም ታረቀኝ በዚህኛው ጨዋታ ዋና ዳኛ አልነበሩም፤ ባንዲራ ይዘው መስመር ላይ ነበሩ። የጣሊያን አጥቂ ጂጂ ሪቫ፣ ያን ጊዜ በአውሮፓ ከሚፈሩት አንዱ፣ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታት። ባንዲራው ተነሳ። ኦፍሳይድ ተባለ፣ ጎሉ ተሻረ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ።

ቆም ብለን ይህን ነገር በሐሳባችን እንሳለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችው በ1935 ነው፤ አገሪቱን ለቅቃ የወጣችው በ1941። ቶሉካ ላይ ያ ባንዲራ ሲነሳ ከነጻነት ገና 29 ዓመቱ ነው። ቦታው ደግሞ ሜክሲኮ። የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ብለው ከጸኑ ጥቂት አገሮች አንዷ፣ አዲስ አበባ ላይ በስሟ አደባባይ የተሰየመላት ሜክሲኮ። አንድ ኢትዮጵያዊ በሜክሲኮ ምድር የጣሊያንን ጎል በባንዲራ ሲያስሽር ሰው ምን ይላል? አንዱ "ተበቀለ" ይላል። ሌላው "ለእስራኤል አዳላ" ይላል። ሁለቱም ወሬ ይጣፍጣል። የጣፈጠ ወሬ ደግሞ ማንም ሳያጣራ ይዋጣል።

እኛ ግን ሕጉን እንመልከት። በዚያ ዘመን የኦፍሳይድ ሕግ ከዛሬው የጠበቀ ነበር። ኳሱ ሲለቀቅ አጥቂው ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል መስመር ላይ ከሆነ ኦፍሳይድ ነው። እኩል መሆን አጥቂውን የሚያድነው ከ1990 ወዲህ ነው። ስለዚህ በዛሬ ዓይን "ይህማ ንጹሕ ጎል ነው" የምንላቸው ስንትና ስንት የድሮ ጎሎች በጊዜያቸው ሕግ ጎል አልነበሩም። ሁለተኛ ነገር፣ የመስመር ዳኛ ባንዲራ ሐሳብ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጎሉን የሻረው የዋናው ዳኛ ፊሽካ ነው። ሰው ግን የብራዚሉን ዳኛ ሲወቅስ አልተሰማም፤ ጣቱን የቀሰረው ባንዲራው ላይ ነው። በሰፈራችን ውድድርም የሆነው ይኸው አይደል?

ይህ "ሰው ይፍረድ ወይስ መስመር ይፍረድ" የሚለው ነገር የእግር ኳስ ብቻ አይደለም። መቱላ ወጥቶ በረዶ ላይ የተንሸራተተ ልጅ ካለ የበረዶ ሆኪን ሜዳ አይቶታል። በበረኛው ፊት በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትንሽ ክልል አለ፤ የእኛን አምስት ከሃምሳ ይመስላል፣ ግን እጅግ ጠባብ ነው። በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ በ1990ዎቹ ዳኞች "በረኛውን አወከ፣ አላወከም" እያሉ ከሚጨቃጨቁ አንድ ጠንካራ ሕግ ወጣ። አጥቂ ፓኩ፣ ማለትም ያ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከመግባቱ በፊት እግሩን ሰማያዊው ክልል ውስጥ ካስገባ ጎሉ አይጸድቅም፤ በረኛውን ባይነካውም። ሰው መፍረዱ ቀረ፣ ቀለሙ ይፍረድ ተባለ። ቪዲዮም ተጨመረበት።

ምን ሆነ? በጁን 1999 በስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቡፋሎ ከተማ ላይ፣ በሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት፣ የዳላሱ ብሬት ሃል በረኛው ዶሚኒክ ሃሼክ ላይ አገባ። አንድ እግሩ ሰማያዊው ውስጥ ነበር። ዋንጫው ለዳላስ ተሰጠ። ሊጉ "ፓኩ በእሱ ቁጥጥር ሥር ነበር፣ ስለዚህ ይፈቀድለታል" አለ። የቡፋሎ ሰው ግን እስከ ዛሬ "ጎል አልነበረም" ነው የሚለው። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ያ ሕግ ተጣለ፤ በረኛው ታውኳል ወይ የሚለው ፍርድ ወደ ዳኛው ዓይን ተመለሰ። ዙረው ዙረው ሰው ጋ መጡ።

ወደ ቶሉካ እንመለስ፤ ታሪኩ ገና አላለቀም። ጨዋታውን ለጣሊያን ቴሌቪዥን ያስተላልፍ የነበረው ኒኮሎ ካሮዚዮ ነው። ካሮዚዮ ተራ ሰው አልነበረም። ጣሊያን በ1934 እና በ1938 ዋንጫ ስትወስድ በሬዲዮ የተሰማው ድምፅ የእሱ ነው። የሪቫ ጎል ሲሻር ካሮዚዮ የመስመር ዳኛውን በቆዳው ቀለም ሰደበ ተባለ። ወሬው ተዛመተ። ከዚያ በኋላ የጣሊያንን ጨዋታዎች ያስተላለፈው ናንዶ ማርቴሊኒ ነው፤ ያ ከምዕራብ ጀርመን ጋር 4 ለ 3 ያለቀውን ጉደኛ ግማሽ ፍጻሜ ጨምሮ። የካሮዚዮ ስም ከዚያ ስድብ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የስርጭቱ ቅጂ ተገኝቶ ሲደመጥ፣ ያ ስድብ የለም። የሚሰማው "ኢትዮጵያዊው" የሚል ነው።

እኛ ይህን ስናነብ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለን፣ እውነቱን እንናገር። ስድቡን አምነን፣ ተናደን፣ ጽሑፋችንን በዚያ ቁጣ ልንጀምር ነበር። እዚህ አገር የቆዳ ቀለምን እየጠቀሱ የሚናገሩንን ስለምናውቅ ለማመን አንቸገርም። ግን ባልተናገረው የተፈረደበት ሰውም አለ፤ እሱ ጣሊያናዊ ስለሆነ ፍርዱ አይስተካከልም። እንዲህ ሆኖ በአንድ ባንዲራ ሁለት ሰው ተጎዳ። አንዱ ባልተናገረው ይወቀሳል። ሌላው ደግሞ በጣሊያን የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ያለው እንደ ሙሉ ሰው ሳይሆን "ያ ኢትዮጵያዊ" ተብሎ ነው። ከአራት ቀን በፊት አንድ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ በዋና ዳኝነት መምራታቸውን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ባንዲራው ጣሊያንን ምን አሳጣት ብለን ብንጠይቅ፣ እምብዛም። ከምድቡ አንደኛ ሆና አለፈች፤ በሦስት ጨዋታ ያገባችው አንድ ጎል ብቻ ሆኖ ሳለ። ለፍጻሜ ደርሳ በብራዚል 4 ለ 1 ተሸነፈች። እስራኤል ሁለት ነጥብ ይዛ በክብር ተመለሰች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጃንሆይ ራሳቸው ጣሊያንን ጎበኙ።

አንድ ሌላ የመስመር ዳኛ እናንሳ። በ1966 ፍጻሜ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን ሁለት ለሁለት ሆነው በጭማሪ ሰዓት የጄፍ ኸርስት ምት አግዳሚውን መትቶ መሬት ነጠረ። ገባ፣ አልገባም? ዳኛው ወደ መስመር ዳኛው ሮጡ፤ እሳቸውም ገብቷል አሉ። እኚህን ሰው እንግሊዞች ለዓመታት "ሩሲያዊው" ይሏቸው ነበር። ሩሲያዊ አልነበሩም፤ ቶፊቅ ባህራሞቭ የሚባሉ የአዘርባጃን ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደ እኛው ሰው ስማቸው በአገር ስም ተተክቶ ነበር፣ ያውም በተሳሳተ አገር። ልዩነቱ አዘርባጃን ስማቸውን አስመለሰች። ባኩ ያለ አንድ ስታዲየም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፣ ሐውልትም ቆሞላቸዋል። ባህራሞቭ በ1970ም ሜክሲኮ ነበሩ፤ ከሥዩም ታረቀኝ ጋር በአንድ ውድድር ፈርደዋል።

ደግሞ እኛ ራሳችን ጣሊያንን የሆንበት ቀን አለ። ኦክቶበር 13 ቀን 2013 አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያና ናይጄሪያ። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ላይ ደርሷል። እዚህ ነታኒያ ስንት ቤት ውስጥ ሰው ተሰብስቦ እንዳየው እናስታውሳለን። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳላዲን ሰይድ የመታት ኳስ መስመሩን አልፋለች ብለን ጮኽን፤ ዳኛው ግን ቀጥሉ አሉ። በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ፣ ቤቱ ሁሉ ተናጋ። ከዚያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ እሱንም ኢሜኒኬ አገባ። 2 ለ 1። በመልሱ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ቀረን።

ጎሉ የገባ መሆኑን የሚነግር መሣሪያ ያን ጊዜ በዓለም ነበር፤ በ2012 ተፈቅዷል፣ በ2014 ብራዚል ላይ ሠርቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን አልነበረም። ኳሷ አልፋለች ብለን ዛሬም እናምናለን። ግን ያን ማታ ስለ ዳኛው ያልነውን እናስታውሳለን? "ተገዝቷል" ነው ያልነው። ማስረጃ አልነበረንም፣ አልፈለግንምም። ልክ ለልጃችን "ስንት ከፈሉህ?" እንዳልነው።

ለዚህ ነው የሥዩም ታረቀኝን ታሪክ "የእኛ ሰው እስራኤልን አዳናት" ብለን ልንጽፈው ያልቻልነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያምራል፣ በዓል ላይ ያስጨበጭባል። ግን ይህ አባባል አድልተዋል ከሚለው ክስ ጋር አንድ ነው፤ እኛ በደስታ ስለምንለው ብቻ ምስጋና አይሆንም። ከስዊድን ጋር ሲያጫውቱ ለስዊድንም ጎል አጽድቀዋል። ያዩትን አዩ፣ ባንዲራ አነሱ።

"የእኛ" የሚለውም ቃል ቀላል አይደለም። በ1970 የአብዛኞቻችን ቤተሰብ ገና በጎንደርና በትግራይ መንደሮች፣ እርሻ ላይ፣ ብረት ሥራና ሸክላ ሥራ ላይ ነበር። ቴሌቪዥን ያየ አልነበረም። የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤል እንደሚሠራ የእስራኤል መንግሥት የወሰነው በ1975 ነው፤ ከቶሉካ አምስት ዓመት በኋላ። ስለዚህ የነታኒያና የኢትዮጵያ ስም በአንድ የጨዋታ መዝገብ ላይ የተጻፈው እኛ እዚህ ከመምጣታችን በፊት ነው፤ አንዱ በግብ አግቢነት፣ አንዱ በዳኝነት።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ገባን። ለሚመጣው ዓመት ውድድር ለተሻለው ወጣት ዳኛ ሽልማት ይኑር፣ ስሙም የሥዩም ታረቀኝ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንዲት እናት "ሰውየው የእኛ ወገን ናቸው እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ቤተ እስራኤል አይደሉም፣ ኢትዮጵያዊ ናቸው አልን። አንድ ወጣት "ታዲያ በሽፒግለር ስም ብናደርገው አይሻልም? የከተማው ሰው ነው" አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ "ሽፒግለር መቼ ዳኛ ሆኖ ያውቃል?" አለችው። ተሳቀ። ክርክሩ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆየ፣ አልተስማማንም። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል።

ባንዲራውን አጥር ላይ ሰክቶ የሄደው ልጅም ስብሰባው ላይ ነበር፣ ከኋላ ወንበር። ምንም አልተናገረም። ሲወጣ ግን የ1970ውን የኦፍሳይድ ሕግ የጻፍንበትን ወረቀት ይወስደው እንደሆነ ጠየቀን፣ ሰጠነው።